ቆርቆሮ፣ ባሕር ዛፍና የስደተኛ ግንበኛ እጅ፦ የአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች እንዴት ተሠሩ፣ ለምንስ ይፈርሳሉ?

የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲደርስ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ድምፆች ጎልተው ተሰሙ። አንዱ «የበሰበሰ የጭቃ ቤት ነው፣ ይነሣ» አለ። ሌላው «ታሪካችን ነው፣ አይነካ» አለ። ሁለቱም ወገን ቤቱን የሚያየው ከመንገድ ቆሞ ነበር። ግድግዳው ውስጥ ምን እንዳለ፣ የጣሪያው ጠርዝ ለምን ያን ያህል ወደ ውጭ እንደሚወጣ፣ የታችኛው ወለል ድንጋይ ሆኖ ሳለ ፎቁ ለምን ጭቃ እንደሆነ የጠየቀ ጥቂት ነው። ጥያቄዎቹ ግን ተራ የማወቅ ጉጉት አይደሉም። መልሳቸውን የማያውቅ ሰው ቤቱን ለመጠገን ቢነሣ እንኳ ያፈርሰዋል። በጥገና ስም የጠፉ አሮጌ ቤቶችም ጥቂት አይደሉም።

ኢትዮጵያ ቅኝ አልተገዛችም። ዋና ከተማዋ የተሠራችበት ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ መስታወትና የበር ማጠፊያ ግን ያለፈው በቅኝ ገዢዎች ወደብ ነው። እንግሊዝ ኤደንን የያዘችው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። የስዊዝ ቦይ በ1869 ተከፈተ፤ ጣሊያን በ1885 ምጽዋን ያዘች፤ ፈረንሳይ ደግሞ በ1880ዎቹ መጨረሻ ጅቡቲን ቆረቆረች። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትመሠረት ከአውሮፓ ፋብሪካ የወጣ ዕቃ በመርከብ ቀይ ባሕር ደርሶ የሚራገፍበት መንገድ ተጠርጎ ነበር ማለት ነው። በዚያው መንገድ ሰውም መጣ። የጉጅራት ነጋዴና አናጢ በኤደን በኩል ዘለቀ፤ በኦቶማን ግዛት ከደረሰበት ጭፍጨፋ የሸሸ አርመን፣ ለባቡር ሐዲድ ሥራ የተቀጠረ ግሪክ፣ ሱቅና ግንብ የሚያውቅ የየመን ዐረብም ተከተለው። ዛሬ «የአዲስ አበባ አሮጌ ቤት» የምንለው ከዚህ ዕቃ፣ ከዚህ ሰውና ከአገሬው ጭቃና እንጨት ተጋብቶ የተወለደ ነው።

ቆርቆሮው የቤቱን ቅርጽ ለወጠ

ከገባው ዕቃ ሁሉ ቤቱን ከሥሩ የለወጠው ቆርቆሮ ነው። በማዕበል ቅርጽ የተቆለመመ የብረት ክዳን የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1829 ለንደን ውስጥ ነው። ብረቱን ዚንክ በማልበስ ከዝገት የመከላከል ዘዴ ደግሞ በ1837 ፈረንሳይ ውስጥ ተመዘገበ። ሁለቱ ሲገናኙ ቀላል፣ እላይ በላይ ተደራርቦ በመርከብ የሚጫን፣ ያለ ብዙ ባለሙያ የሚመታ ጣሪያ ተገኘ። ከአውስትራሊያ እስከ ደቡብ አፍሪካ የቅኝ ግዛት ከተሞችን ያለበሰው ይህ ቆርቆሮ በጅቡቲ በኩል ወደ ሸዋ ወጣ።

የሣር ክዳን ጎጆ ክብ የሆነው በምክንያት ነበር። ሣር ውኃ እንዳይዘልቀው ቢያንስ 45 ዲግሪ ያህል መዘቅዘቅ አለበት። ሾጣጣው ጣሪያ ዝናቡን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያወርዳል፤ ውኃ የሚጠራቀምበት ጥግ የለውም። አጫጭር ወራጆች መሐል ላይ በምሰሶው ዙሪያ ይገናኙና በልጥ ወይም በጠፍር ይታሰራሉ፤ ሚስማር አያስፈልግም። የምድጃው ጭስ በሣሩ መሐል እያለፈ ይወጣል፤ ሲያልፍም ሣሩን ያደርቃል፣ ነፍሳትን ያርቃል። ቤቱ ሲሠራ ጭሱም ታስቦበት ነው።

ቆርቆሮ ይህን ሁሉ ገለበጠው። ቅጠሉ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ስለሆነ ሾጣጣ ጣሪያ ላይ ለማልበስ እያንዳንዱ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ መቆረጥ አለበት። ይህ ብክነት ነው፤ መቀስ ያለፈበት ጠርዝም ዚንኩ ስለሚቋረጥ ዝገት መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው። ሣራቸው ተነሥቶ ቆርቆሮ የለበሱ ክብ አብያተ ክርስቲያናት ጣሪያ ላይ የሚታየው የዝገት መስመር አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን መገጣጠሚያዎች ይከተላል። ቤተ ክርስቲያን በሥርዓቷ ምክንያት ክብነቷን ይዛ ወጪውን ተሸከመች። የመኖሪያ ቤት ግን ግድግዳውን አቅንቶ አራት ማዕዘን መሆን ይቀለው ነበርና ሆነ።

ክብደቱም ሌላ ነገር አመጣ። አንድ ሜትር ካሬ ደረቅ የሣር ክዳን 30 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ዝናብ ሲጠጣ ደግሞ ይብሳል። ደህና ውፍረት ያለው ቆርቆሮ በዚያው ስፋት ከ5 ኪሎ አይበልጥም፤ በ15 ዲግሪ ዝቅዝቀትም ውኃ ያወርዳል። ስለዚህ ቀጫጭን ወራጆች ሰፊ ክፍል መሸፈን ቻሉ። የጣሪያው ጠርዝም ከግድግዳው 80 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ሜትር፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በላይ ሊወጣ ቻለ። ጠርዙ ከዚህ በላይ ሲወጣ ከሥሩ ቋሚ ተደረገለትና በረንዳ ሆነ። በረንዳ በሕንድም ሆነ በሌሎች የእንግሊዝ ግዛቶች የፀሐይ መከላከያ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ዋና ሥራው ሌላ ነው፤ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንበው፣ አብዛኛውም በክረምት ወራት የሚወርደው ውኃ የጭቃውን ግድግዳ እንዳይመታ ይከለክላል። መልኩ ከባሕር ማዶ ቢመጣም ሥራውን የሰጠው የሸዋ ክረምት ነው።

ኪሳራም ነበረው። ብረት ጭስ አያሳልፍም፤ ምድጃው ከቤት ወጥቶ ማድ ቤት ለብቻው በጓሮ ቆመ። ቀትር ላይ ብረቱ ይግላል፤ ንጋት ላይ ደግሞ በውስጥ በኩል ጤዛ ይዞ ያንጠባጥባል፤ ዝናብ ሲመታው ሰው ለሰው አይደማመጥም። መፍትሔው ኮርኒስ ሆነ። በቀጭን እንጨት ፍሬም ላይ አቡጀዲድ ተወጥሮ በሚስማር ይመታና ኖራ ይቀባል። አቡጀዲዱ ራሱ በመጀመሪያ ከአሜሪካ የጥጥ ፋብሪካዎች በሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች በኩል የመጣ ሸቀጥ ነበር። የመብራት ገመድ በእነዚህ ቤቶች ጣሪያ ውስጥ መዘርጋት ሲጀምር ግን ይህ ጨርቅ አደጋ ሆነ፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

ባሕር ዛፍ

የአዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ቤቶች ምሰሶና ወራጅ ከእንጦጦና ከአካባቢው ደን የተቆረጠ ጥድ ነበር። ጥድ በዘይቱ ምክንያት ምስጥ ይፈራዋል፤ መሬት ውስጥ ተቀብሮም ረጅም ዕድሜ አለው። ደኑ ግን ለማገዶም ለቤትም ሲቆረጥ በጥቂት ዓመታት ተመናመነ። መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከመታሰብ ተደረሰ። ከተማዋን ያቆየው ከአውስትራሊያ የመነጨው ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ዘሩን በማስመጣት በተደጋጋሚ ስሙ የሚነሣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። መንግሥትም ችግኙን በርካሽ እያደለ፣ የተተከለበትን መሬት ከግብር ነፃ እያደረገ አስፋፋው።

በ5 እና በ7 ዓመት መካከል ለቤት የሚሆን እንጨት ይደርሳል፤ ሲቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ችግሩ እንጨቱ ጥድን አለመተካቱ ነው። እርጥብ ሳለ ቤት ላይ ከዋለ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሸማቀቃል፤ ሚስማሩም ይላላል። ቆዳው ካልተላጠ ነፍሳት በልጡ ሥር ይራባሉ። መሬት የገባው ጫፉ ደግሞ የምስጥ ቀለብ ነው። ጠንቃቃ አናጢ እንጨቱን ልጦ በጥላ ሥር ለወራት ያደርቃል፤ የሚቀበረውንም ጫፍ በእሳት ይለበልባል ወይም ሬንጅና የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ተቻኩሎ የሠራ ሁሉ ግን ይህን ዘለለው። አንድ ግቢ ውስጥ የጥዱ እልፍኝ ከመቶ ዓመት በኋላም ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከዘመናት በኋላ የተሠራው የባሕር ዛፍ ቤት የሚያዘነብለው በዚህ ምክንያት ነው።

የግንበኞቹ እጅ

ዕቃ ብቻውን ቤት አይሆንም። የምኒልክ መሐንዲስና አማካሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ፣ ከሕንዳውያኑ ግንበኞች ስሙ የተመዘገበው ሐጂ ቀዋስ፣ ለብዙ ዓመታት በከተማዋ ሲሠራ የኖረው አርመናዊው ሙሴ ሚናስ ኸርበኪያን፣ ከነሱም ጀርባ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ግሪኮች፣ ዐረቦችና ኢትዮጵያውያን ድንጋይ ጠራቢዎችና አናጢዎች አሉ።

የሕንዳውያኑ እጅ በይበልጥ የሚታየው በእንጨቱ ላይ ነው። በጣሪያው ጠርዝ ዙሪያ በመጋዝ የተጠረበ ጥልፍ መሰል ጣውላ፣ በረንዳን የሚሸከሙ የተቀረጹ ደገፋዎች፣ ባለ ቀለም መስታወት ያለው የመስኮት ግንባር ከምዕራብ ሕንድ ወደቦች እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ድረስ የሚገኝ ሥራ ነው። ጥልፉ ጌጥ ብቻ አይደለም። የወራጁን ጫፍ ከዝናብ ይሸፍናል፤ ወደታች የሾለው ቅርጽም ውኃው ወደ ውስጥ ሳይሳብ በጫፉ እንዲንጠባጠብ ያደርጋል። «ያረጀ ጌጥ» ብለው ነቅለው የጣሉት ቤት በጥቂት ክረምት ውስጥ የወራጆቹ ጫፍ ይበሰብሳል።

የአርመኖቹ ድርሻ በቤቱ አከፋፈል ላይ ይጎላል። መሐል አዳራሽ፣ ግራና ቀኝ ክፍሎች፣ ከፊት ወደ መንገድ የወጣ በመስታወት የታጠረ ማረፊያ በኦቶማን ከተሞች የተለመደ ቤት ነው። ቤቱን ያሠራው መኳንንት ደግሞ የራሱን ፍላጎት ጨመረበት፤ ግብር የሚበላበት ሰፊ አዳራሽ፣ ከውጭ የሚወጣ ትልቅ ደረጃ፣ ግቢውን ቁልቁል የሚያዩበት ሰገነት። የእንግዳው ልማድ ለባለቤቱ ሥርዓት ታዞ ነው የተሠራው። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው፣ እና ሸጎሌ ያለው የሼክ ሆጀሌ ቤት ይህን ድብልቅ ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ። እንዲህ ያለውን ቤት «የውጭ ሰው ቤት» ብሎ ከታሪካችን ማስወጣት ስሕተት ነው፤ በሸዋ ጭቃና ጥድ፣ በሸዋ ሠራተኛ እጅ፣ ለሸዋ ክረምት የተሠራ ነውና።

በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ይህ ሰንሰለት ተቆረጠ። ከሐረር ተነሥቶ በመላ አገሪቱ ትልቁ የሕንድ ንግድ ቤት የሆነው የመሐመድ አሊ ድርጅት በ1929 ዓ.ም. ተዘጋ። ገበያው ከአራዳ ወደ ዛሬው መርካቶ ተገፋ፤ ሲሚንቶ፣ ፌሮና ብሎኬት ገቡ። ከዚያ ወዲህ የሠለጠነ ግንበኛ የሚያውቀው የሲሚንቶን ሕግ ነው። የጭቃና የኖራ ሕግ በአባት እጅ የቀረ ሙያ ሆነ፤ የዛሬው የጥገና ችግር መነሻም ይኸው ነው።

ሐረርና ድሬዳዋ

ይህ ጋብቻ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ሐረር ጁጎል ውስጥ የሐረሪው ቤት ፊቱን ወደ ግቢው ያዞረ ነው። ከመንገድ የሚታየው ግንብና በር ብቻ ነው፤ ክብሩ ውስጥ፣ በነደባዎቹ (ከፍ ብለው በተሠሩት መቀመጫ መደቦች) ላይ ነው። ምኒልክ ሐረርን ከያዙ ከ1879 ዓ.ም. በኋላ የመጡት ሕንዳውያን ነጋዴዎች ግን ባለ ሁለት ደርብ፣ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ የእንጨት በረንዳ ያለው ቤት ሠሩ፤ ሐረሮች ነቢ ጋር ይሉታል። ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ነው። ቆይቶ ሁለቱን ያዳቀለ ሦስተኛ ዓይነት ቤት ተፈጠረ። ዩኔስኮ ጁጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ እነዚህን ቤቶች ሁሉ ቆጥሯቸዋል። ሕንዳዊ ነጋዴ የሠራውና ባለ ቀለም መስታወት ያለው፣ በፈረንሳዊው ባለቅኔ በአርተር ራምቦ ስም «የራምቦ ቤት» በሚል የሚታወቀው ሕንፃም ዛሬ ሙዚየም ነው። ሐረር የስደተኛውን ቤት የራሷ አድርጋ አስመዘገበች፤ አዲስ አበባ ይህን ከሐረር ብትማር ይበጃታል።

ድሬዳዋ ሌላ ታሪክ ነው። ባቡሩ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መድረስ ስላልቻለ በ1895 ዓ.ም. በረሃው ላይ የቆመች ከተማ ናት። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪደርስ እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ ለዓመታት ዕቃው እዚያ፣ በኋላም ሐዲዱ በደረሰበት እየተራገፈ በግመልና በበቅሎ ይወጣ ነበር። ይህ ራሱ የአዲስ አበባን ቤት ወሰነ። በቅሎ የማትሸከመው ረጅም የብረት ተሸካሚም ሆነ ትልቅ መስታወት አይመጣም፤ የሚመጣው በትንንሹ የሚታሰረው ነው። የአሮጌ ቤቶች መስኮት በትንንሽ መስታወቶች የተከፋፈለው፣ የፎቁ ተሸካሚ ሁሉ እንጨት የሆነው ለዚህ ነው።

ግድግዳው እንዴት ይቆማል

ባለ ፎቁ ቤት ሁለት ቤት ነው ማለት ይቻላል። የታችኛው ወለል በጭቃ የተያያዘ፣ ውፍረቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ የድንጋይ ግንብ ነው፤ መገጣጠሚያው ከውጭ በኖራ ይታሻል። ፎቁ በእንጨት የቆመ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል። የድንጋዩ ግንብ በአንድ ሜትር ካሬ 1,200 ኪሎ ገደማ ሲመዝን የጭቃው 300 ገደማ ነው። ፎቁም ድንጋይ ቢሆን በጭቃ የተያያዘው የታችኛው ግንብ ወደ ውጭ ያብጥ ነበር። ጭቃው ለድህነት ሲባል የገባ ሳይሆን ክብደት ለማቅለል የተመረጠ ነው።

የጭቃው ግድግዳ አሠራር ትዕግሥት ይጠይቃል። ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሚወፍሩ ቋሚዎች ይተከላሉ፤ በመሐላቸው ቀጫጭን እንጨቶች በስንዝር ርቀት ይቆማሉ። ከዚያ የተፈለጠ ማገር በውስጥና በውጭ በየ30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትሩ ይመታል። ቀይ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ይረገጥና አንድ ወይም ሁለት ሳምንት እየተርከፈከፈ ይብላላል። የመብላላቱ ጥቅም ጭዱ ለስልሶ ከአፈሩ ጋር እንዲያያዝ ነው፤ ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ በትልልቅ ስንጥቅ ይከፈታል። መጀመሪያ ምርጊቱ በማገሩ መሐል ተጠቅጥቆ ይሞላል። ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ ደርቆ ስንጥቁን ሁሉ ሲያሳይ ሁለተኛው ዙር፣ ደቀቅ ባለ ጭድና በጥቂት አሸዋ ይለሰናል። መጨረሻው ስስ ልስን እበትና አመድ ወይም ኖራ ነው። ስንጥቁ ሳይጨርስ ሁለተኛውን የደረበ ሰው ስንጥቁን አልደፈነም፤ ወደ ላይ አሳለፈው እንጂ።

ምን ያፈርሰዋል?

ከሁሉ የከፋው የሲሚንቶ ልስን ነው። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይተነፍሳል፤ እንጨቱ ሲነቃነቅም አብሮ ይነቃነቃል። አንድ ለሦስት ወይም አንድ ለአራት የተቦካ ሲሚንቶ ግን ግትር ነው፤ እርጥበትንም አያስወጣም። በሽቦ መረብ ላይ ተለስኖ ለሁለትና ሦስት ዓመት ያምራል። ከዚያ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ያወጣል፤ የክረምት ውኃ በስንጥቁ ይገባል፤ መውጫ የለውም። ከጀርባው ጭቃው ይሟሟል፣ ማገሩ ይሻግታል፣ ቋሚው ከሥሩ ይበሰብሳል። ልስኑ በሰፊው ሲገነጠል ባለቤቱ «ጭቃ ቤት እንዲህ ነው» ይላል። ጥፋቱ ግን የጭቃው አልነበረም።

ሁለተኛው የመንገዱ ከፍታ ነው። አስፋልቱ በየዘመኑ እየተደረበ ሲወጣ የቤቱ ደፍ ከመንገዱ በታች ሆነ። ድሮ ከመሬት 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንጨቱን ከውኃ ያራቀው የድንጋይ መሠረት ዛሬ ተቀብሯል፤ የቋሚው እግር በእርጥብ አፈር ተከቧል። ብዙ ሰው ቤቱ «ሰመጠ» ይላል፤ ወደ ላይ የወጣው መንገዱ ነው።

ጣሪያው ሲቀየርም ጉዳት ይደርሳል። አሮጌው ወፍራም ቆርቆሮ ተነሥቶ ባለ 35 ጌጅ ሲገባ (ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ልብ ይሏል) ንፋስ ያርገበግበዋል፣ ሚስማሩም ቀዳዳውን ያሰፋል። ሚስማር በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ በሸለቆው አይመታም፤ ሸለቆው የውኃ መንገድ ነውና ከሥሩ ጎማ ቢኖርም ያፈሳል። በጎን ቢያንስ አንድ ተኩል ማዕበል፣ ከላይ ወደ ታች ደግሞ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር መደራረብ አለበት። ቆርቆሮ ለመቆጠብ ጠርዙን ከአንድ ሜትር ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ያሳጠረ ጠጋኝ ደግሞ ዝናቡን በቀጥታ ወደ ግድግዳው አመጣው። አሸንዳ ያለ መውረጃ ቱቦ የተተከለ ከሆነም ውኃውን ሰብስቦ አንድ ጥግ ላይ ያፈሰዋል፤ ያ ጥግ መጀመሪያ ይወድቃል።

እሳትም አለ። በጨርቅ ኮርኒስና በቆርቆሮ መሐል ያለው ባዶ ቦታ ከክፍል ወደ ክፍል ያልተከፈለ አንድ መተላለፊያ ነው። አንድ ቦታ የተነሣ እሳት በላይ በኩል ሮጦ ሌላው ክፍል ላይ ይወርዳል። በ1900 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ክፉኛ ሲጎዳ እንዲህ ያሉ ቤቶች ለእሳት ምን ያህል ተጋላጭ እንደሆኑ ከተማው ሁሉ አየ። አሮጌ ገመድን ነቅሎ በብረት ቱቦ መዘርጋት፣ በየክፍሉ ግድግዳ ትክክል እስከ ቆርቆሮው የሚደርስ የጭቃ ወይም የጂፕሰም መጋረጃ ማቆም ከማንኛውም የቀለም ቅብ መቅደም አለበት።

ባለቤት የሌለው ቤት

ቤቱ ብቻውን አልታመመም። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ መሬትንና ትርፍ ቤቶችን ለመንግሥት ሲያደርግ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆነው በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው በኪራይ ቤቶች እንዲተዳደር ተወሰነ። ኪራዩ ተቀነሰ፤ ለዐሥርት ዓመታትም በዚያው ዝቅተኛ መጠን ቆየ። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ቤት ለስምንትና ለዐሥር ተከፋፈለ። በረንዳው በጣውላ ታጥሮ ክፍል ሆነ፤ ወደ ጓሮ የወጣው ምድጃ ተመልሶ ፎቅ ላይ ወጣ፤ የልብስ ማጠቢያው ውኃ በጭቃው ግድግዳ ሥር ይደፋል። ነዋሪው ቤቱን እንዳይጠግን ቤቱ የሱ አይደለም፤ ቀበሌው እንዳይጠግን ኪራዩ ለአንድ ቆርቆሮ አይበቃም። ቤቶቹን «ቆሻሻ ሰፈር» ያሰኛቸው የግንባታ ስልታቸው ሳይሆን ይህ አስተዳደር ነው። ነዋሪው ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ የማግኘት መብቱን የሚጠይቀው በትክክል ነው፤ ያን ለማሟላት ግን ቤቱን ማፍረስ የግድ አይደለም።

በሕግ በኩል አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለቅርስ ጥበቃ መሠረት ጥሏል። የተመዘገበን ሕንፃ ለመጠገን የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል። በተግባር ግን ቤቱ የቅርስ ሰሌዳ ተለጥፎበት ጣሪያው እያፈሰሰ ዓመታት ያልፋሉ። ሰሌዳ ዝናብ አይከላከልም፤ ከዝርዝሩ ጋር የዓመት የጥገና በጀት አብሮ መመደብ አለበት።

ከየት ይጀመር?

ቅደም ተከተሉ ከቀለም ሳይሆን ከውኃ ይጀምራል። አንደኛ፣ በቤቱ ዙሪያ የተከመረው አፈር ተነሥቶ የድንጋዩ መሠረት ይገለጥ፤ ውኃ ከግድግዳው ርቆ እንዲሄድ ቦይ ይቆፈር። ይህ ቀን ሠራተኛ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፤ ብቻውን የቤቱን ዕድሜ ያራዝማል። ቀጥሎ ጣሪያው ነው፤ ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ ከቀድሞው የጠርዝ ስፋት ጋር።

ሦስተኛው የቋሚዎቹ እግር ነው፤ አደገኛውም ሥራ ይኸው ነው። በዛንዚባር እ.ኤ.አ. በ1883 የተሠራው የሱልጣኖቹ «የድንቆች ቤት» በታኅሣሥ 2020 በከፊል የተደረመሰው በጥገና ላይ ሳለ ነው፤ አሮጌ ሕንፃ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ሲነካ ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከአንድ ቋሚ በላይ አይነካ። ክብደቱ በግራና ቀኝ በድጋፍ እንጨት ይያዝ፤ ቱምቢ ተጥሎ ግድግዳው አለመነቃነቁ ይረጋገጥ። የበሰበሰው ክፍል ከብስባሹ በላይ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ደህና እንጨት እስኪገኝ ይቆረጥ። ቅጥያው በሰያፍ ይጋጠም፤ የመደራረቡ ርዝመት የእንጨቱን ውፍረት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ በሁለት ቡሎን ይታሰር። አዲሱ እግር በአፈር ሳይሆን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ።

ልስኑ መጨረሻ ነው። ሲሚንቶው ከተነሣ በኋላ ግድግዳው ለብዙ ሳምንት ተራቁቶ ይድረቅ። የወደቀው በቦካ ጭቃ ይሞላ፤ ከላዩ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ይለሰን። ኖራው ቀደም ብሎ በውኃ ተፈልቶ ለሳምንታት በጉድጓድ ወይም በበርሜል የቆየ መሆን አለበት። ያልበሰለ ቅንጣት ከቀረበት ግድግዳ ላይ ቆይቶ ይፈነዳል። ሲፈላ ዓይን ስለሚያጠፋ መነጽርና ጓንት አይረሳ። እያንዳንዱ ዙር ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር፣ በመሐሉ አንድ ሳምንት ገደማ፣ ከፀሐይ ተሸፍኖ እየተርከፈከፈ። ለቀለምም የኖራ ውኃ እንጂ የፕላስቲክ ቀለም አይደለም።

መንገድ ወይም አዲስ ሕንፃ የግድ ሲሆን ደግሞ ቤቱ ዝም ብሎ አይናድ። ወለሉና ፊቱ በ1፡50፣ መገጣጠሚያውና ጥልፉ በ1፡5 መጠን ይነደፉ፤ ፎቶ በየክፍሉ ይነሣ። እንጨቱ ከላይ ወደ ታች እየተቆጠረ ይውረድ፤ ቁጥሩ በቀለም ሳይሆን በተመታ የቆርቆሮ ሰሌዳ ይሁን፤ ቀለም በመጋዘን ይጠፋል። በተለይ ጥዱ ከፍርስራሽ ጋር ተጭኖ ለማገዶ መሸጥ የለበትም። መቶ ዓመት የደረቀ፣ ምስጥ ያልነካው ጥድ ለሌሎቹ ቤቶች የቋሚ እግር ቅጥያ ይሆናል፤ ከእሱ የተሻለ የጥገና እንጨት ዛሬ በየትኛውም ጣውላ ቤት አይገኝም።